በአዳራሹ መስኮት ላይ የሰቀልኩት መጋረጃ

አምቦ፣ የካቲት 2016 ዓ.ም.

ይህን ብዕር የያዘችው እጅ የመምህርት ጃለኔ እጅ ናት፤ ቃሉ ግን የእኔ የአባትህ ነው። አዎ፣ ያቺው ባለፈው ሳምንት በስልክ እንዳልነበረች አድርገህ የሰደብካት መምህርት ናት። ሌላ ጸሐፊ አጥቼ አይደለም። ልጅህ ሂዳያ እዚሁ ቤቴ ውስጥ አለች፣ ጽሕፈቷም ያማረ ነው፤ ነገሩ የእሷ ስለሆነ ግን በእሷ እጅ ማስጻፍ አልወደድኩም። ጃለኔን ያስቀመጥኳት አንተ በሌለችበት ስላነሳሃት፣ እኔ ባለችበት ላንሳት ብዬ ነው። ስድብህንም እዚህ ላይ አስፍሪው ብላት ሳቀችና ዘለለችው።

ልጄ፣ አላህ ሰላሙን ያብዛልህ። ጤናህ እንዴት ነው? የባኮ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? የሚስትህ የዙልፋ ጉልበት ተሻለው ወይ? ትንንሾቹንስ ወባው ለቀቃቸው? ትኩሳቱ ሲበርድ መድኃኒቱን አቋርጠው እንዳይሆን፤ እስከ መጨረሻው ይዋጡት። እኔ ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። ዓይኔ ከሩቅ ያያል፤ ጥርሴ ግን ሥጋ እንዳማረው ቀርቷል። ሱቁንም እከፍታለሁ። ጨርቅ የሚገዛ ቢጠፋ ጨርቅ የሚነካ አይጠፋም፤ እየነኩ ሲያልፉ ውዬ እገባለሁ።

በስልክ ላስረዳህ ሞክሬ ነበር። ጮህክብኝ፤ ከዚያም ጆሮዬ ላይ ዘጋኸው። ወረቀት ላይ ብትጮህ ግን ፊደሉ አይደነግጥም፤ ብታጥፈውም መልሰህ ትከፍተዋለህ። ስለዚህ ቁጭ በልና እስከ መጨረሻው አንብበው።

ያልከኝ ይህ ነው። ሂዳያ ሃይማኖቷን ለውጣለች፤ በጴንጤዎቹ አዳራሽ ዓይኗን ሸፍነው ይጸልዩላታል፤ እሷም እየተንፈራገጠች ትወድቃለች፤ አያቷ እያወቀ ዝም ብሏል፤ እንዲያውም ሰው እንዳያይ መጋረጃ ሰቅሎላቸዋል። ረመዳን ሳይገባ መጥቼ እወስዳታለሁ፣ ትምህርቱም ይቅርባት፣ እናቷ አጠገብ ትቀመጥ። ያልከው ይህ ነው፤ የጎደለ የለም። ጃለኔ «ጴንጤ» የሚለው ላይ ስትደርስ ቀና ብላ አየችኝ። ሌላ ቃል አላውቅም፣ ጻፊው አልኳት።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ እውነቱ አንድ ነው። መጋረጃውን የሰቀልኩት እኔ ነኝ።

ከመነሻው ልንገርህ። ባለፈው ዓረፋ አገር ቤት ሄደን ከተመለስን በኋላ ልጅቷ ሌላ ሰው ሆነች። ከእኔ ጋር ከአንድ ትሪ መብላት ተወች። ጠግቤአለሁ ትለኛለች፤ ቆይቼ ጓዳ ስገባ ብቻዋን፣ ቆማ፣ ቶሎ ቶሎ ስትበላ አገኛታለሁ። መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት ዩኒፎርሙ ጠበበኝ አለች፤ ከራሴ ጨርቅ ቆርጬ አዲስ አሰፋሁላት። ራሴን አመመኝ አለች፤ መድኃኒት ገዛሁላት። ወደ ቤት ስትመለስ ከሁሉቃ ድልድይ በላይ ያለውን ዳገት ባንድ ትንፋሽ አትወጣውም። መሃል ላይ ጎንበስ ብላ ጫማዋን የምታስር ትመስላለች። ጫማዋ ማሰሪያ የለውም። እኔ ከሱቁ በር ላይ ሆኜ አያታለሁ፤ ስትደርስ ግን ያላየ እመስላለሁ።

በውፍረቷ አፍሬ አላውቅም። እንዲያውም እኮራ ነበር። ከባኮ ስትልካት አንገቷ የሽንኩርት ቅጠል ነበር፤ እኔ ዘንድ ሞላች። የቤቴን ጥጋብ ሰው በእሷ ላይ ያየዋል እል ነበር። እናም ኅዳር ላይ ይህቺ መምህርት ሱቄ ድረስ መጥታ፣ ውፍረት ላስቸገራቸው ተማሪዎች ስፖርት የሚሠሩበት ፕሮግራም ተጀምሯል፣ ሂዳያንም ላስገባት ነው ስትለኝ ደሜ ፈላ።

«በሰው ቤት የጠገበች ልጅ አንቺን ምን ቆረጠሽ?» አልኳት። «ሌላው የራበው ፈልጎ ያበላል፤ አንቺ የጠገበ ፈልገሽ ልታስርቢ ትዞሪያለሽ?»

አሁንም ጻፊው አልኳት፤ ብያለሁና። ያን ዕለት አልተቆጣችም። ማንም አይራብም፣ ምግቧን አንነካም፣ የምንፈልገው ልቧና ሳንባዋ እንዲበረቱ ነው አለችኝ። ቀጥላም ሂዳያ ከትምህርት ቤት የቀረችባቸውን ቀኖች ነገረችኝ። ስፖርት ባለበት ቀን መቅረት ጀምራ፣ ኋላ ሌላውንም ቀን ትቀር ኖሯል። በዚህ ከቀጠለች ዓመቱን ትደግማለች፣ ምናልባትም ጨርሳ ትወጣለች አለችኝ። እኔ ደብተሯን ይዛ ስትወጣ እያየሁ ሄደች እል ነበር። የት ትውላለች ብዬ ጠየቅሁ። ያንን የሚያውቀው ኦቦ ፈየራ ነበር። ፈየራን ታውቀዋለህ፤ የአዳራሹ ዘበኛ፣ አመሻሽ ላይ ደጃፌ ተቀምጦ መንግሥትንም ዝናብንም የሚያማው። ከአዳራሹ ጀርባ ባለው የባሕር ዛፍ ጥላ ሥር ስትቀመጥ አግኝቷት፣ ቆሎውን አካፍሏት፣ ለእኔ ሳይነግር ለመምህሯ ነገረ። ለምን ለእኔ አልነገርከኝም ብዬ ተኮሳተርኩበት። ለአንተ ከነገርኩህ ምግብ ትጨምርላታለህ አለኝ። ይህን ያህል ያውቀኛል። ለጃለኔም እሺ፣ አስገቢያት አልኳት።

አሁን ስለ ዕቃው ልንገርህ። ከዩኒቨርሲቲው የመጡ ሰዎች ለትምህርት ቤቱ ለሙከራ የሰጡት ነው። ጃለኔ ቪአር ትለዋለች፤ እኔ የዓይን ሣጥን እለዋለሁ። ዓይን ላይ ይታሰራል፤ በሁለት እጅ ደግሞ አጭር እጀታ ይያዛል። ያሰረው ሰው ፊት ለፊቱ ሌላ አገር ያያል። ኳስ እየተወረወረበት በቡጢ ይመታል፤ ግንድ ሲመጣበት ቁጢጥ ብሎ ያሳልፈዋል፤ ሙዚቃም ይሰማል። ከውጭ ለሚያየው ግን ባዶ ቤት ውስጥ ቆሞ አየር የሚደበድብ ሰው ነው። በትምህርት ቤቱ መብራት አንድ ቀን አለ፣ አንድ ቀን የለም፤ ክፍሉም በዴስክ የተሞላ ነው። የጴንጤዎቹ አዳራሽ ወለሉ ሰፊ ነው፣ ጄኔሬተር አለው። በአዘቦት ቀን ከትምህርት በኋላ እንጠቀምበት ብለው ለመኑ፣ ተፈቀደላቸው። ሴቶቹ ለብቻቸው፣ ወንዶቹም ለብቻቸው ቀን አላቸው። አዳራሹ ውስጥ የመግባቷ ምክንያት ይኸው ነው፣ ሌላ የለውም።

እኔ ደግሞ በነገሩኝ ብቻ የማምን ሰው አይደለሁም። የመጀመሪያው ቀን አስፈቅጄ አብሬያት ሄጄ ጥግ ላይ ተቀመጥኩ። ጸሎት የለም፣ ስብከት የለም። ጃለኔ ልጅቷ ዓምዱን እንዳትመታ አንድ እጇን ዘርግታ አጠገቧ ትቆማለች፤ ሌላ ሥራ የላትም። ሂዳያን ግን ባየሃት። ያቺ ዳገት ላይ ጫማ የምታስር ልጅ እጇን ስትሰነዝር፣ ቁጢጥ ብላ ስትነሳ፣ ላቧ በአገጯ ሲንጠባጠብ፣ ጊዜሽ አልቋል ሲሏት ትንሽ ጨምሩልኝ ስትል። ይህቺን ልጅ ከየት አመጧት አልኩ በሆዴ።

ስንመለስ ጠየቅኋት። ሜዳው ሰፊ፣ አየሩ ንጹሕ፣ መሮጥ ካማረሽ ለምን አትሮጪም፣ ሣጥን ማሰር ምን አመጣው አልኳት።

«አባባ፣ ሜዳ ላይ ሰው አለ» አለችኝ።

«አዳራሹም ውስጥ አለ። እኔ አየሁሽ፣ ጓደኞችሽም አዩሽ።»

«ታዩኛላችሁ። እኔ ግን ስታዩኝ አላያችሁም።»

ልጄ፣ ይህን ነገር ብዙ ቀን አላመጥኩት። ዕድሜዬን ሙሉ ሱቅ በር ላይ ተቀምጬ ያለፈ ያገደመውን ሳይ ኖሬአለሁ። አንዲት ሴት ከመንገዱ ማዶ ብቅ ስትል ቀሚስ ስንት ሜትር እንደሚበቃት እናገራለሁ፤ ልብስ ሰፊዎቹም ያደንቁኛል። ያቺ ሴት እንደዚያ መታየቷን ትወደው እንደሆነ ግን አንድ ቀን አስቤው አላውቅም።

መጋረጃው የመጣው ከዚህ ነው። የአዳራሹ መስኮቶች ወደ መንገዱ ናቸው። ከገበያ የሚመለሰው ሁሉ ቆም እያለ ማየት ጀመረ። አንድ ቀን ሂዳያ ሣጥኑን ስታወልቅ ሂጃቧም ተንሸራቶ ነበር፣ መስኮቱም በሰው ፊት ተሞልቶ ነበር። በሚቀጥለው አልሄድም አለች። እኔም ከሱቄ ወፍራሙን ሰማያዊ የመጋረጃ ጨርቅ ቆረጥኩ፣ ጠርዙን አሰፋሁ፣ መሰላል ላይ ወጥቼ በእጄ ሰቀልኩት። መሰላሉን የያዘልኝ ፈየራ ነው። «ያ ጃርሳ፣ አንተ ሽማግሌ፣ ከዚህ ወድቀህ ብትሞት ለሰዎችህ ምን ልበል?» ይለኛል ከታች ሆኖ። «ቤተ ክርስቲያናችንን ሊያሳምር መጥቶ ልበል?» አንተ ብቻ መሰላሉን ያዝ አልኩት።

ልጅቷ ተመለሰች። እኔም ጨርቅ ሁሉን ይሸፍናል ብዬ ሥራዬን ያዝኩ።

ነገሩ የተበላሸው ግን እዚያው ላይ ነው። መስኮቱ ክፍት ሳለ ሰው አይቶ፣ ስቆ፣ ያልፍ ነበር። ሲጋረድ ጊዜ ያላየውን ማሰብ ጀመረ። ከሱቄ ቀጥሎ ቅመም የምትሸጠው ሰኪና ከመጋረጃው በፊት አንድ ቀን አሻግራ አይታ ነበር፤ ሂዳያ ዓይኗ ታስሮ ስትንፈራገጥ፣ ጃለኔ እጇን ዘርግታ አጠገቧ ስትቆም። በዚያ አዳራሽ እሑድ እሑድ እጅ ተዘርግቶ እንደሚጸለይ ደግሞ መንገደኛው ሁሉ ያውቃል። መጋረጃው ሲሰቀል ሁለቱን ገጣጠመችው። ሰኪና ክፉ ሴት አይደለችም፤ ወሬ ግን አፏ ውስጥ አያድርም። ልጇ አብራር በቆሎ ሊጭን ባኮ ሲወርድ ለአንተ አደረሰልህ። እዚህም ከጁምዓ በኋላ ሐጂ ቡርሃን እጄን ይዞ ወደ ጥግ ወሰደኝና፣ ሰው የሚለው እውነት ነው ወይ አለኝ። ውሸት ነው አልኩት። ውሸት ከሆነ መጋረጃው ምን ይሠራል አለኝ።

ገብታችሁ እዩ ልለው አልቻልኩም። ወንዶች ሰብስቤ ልጅቷን ላሳይ? የሸሸችው ከዚህ አይደለም እንዴ? መጋረጃውን ካወረድኩ ልጅቷ ትቀራለች፣ ትምህርቱም አብሮ ይቀራል። ካላወረድኩ አንተ መጥተህ ትወስዳታለህ። የስልክህ ዕለት ሱቁን በቀን ዘግቼ ተቀመጥኩ። ሂዳያ በሩ ተዘግቶ ስታይ ምን ሆንክ አለችኝ። ደክሞኝ ነው አልኳት። አባቴ ሊወስደኝ ነው አይደል አለች። ጩኸትህ እስከ ጓዳ ተሰምቶ ኖሯል።

መላውን ያገኘሁት እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው አገኘው ቢሉህ አትመን። ወሬውን ያወጣችው ሴት ናት፤ ሴት ደግሞ በሴቶቹ ቀን መግባት ትችላለች። ሂዳያን አስቀድሜ ጠየቅኋት። ሰኪና ሣጥኑን በራሷ ዓይን ላይ የምታስር ከሆነ ትግባ አለች። ሰኪናን ጠርቼ፣ በግማሽ ያየሽውን ጨርሰሽ እይ፣ ከዚያ በኋላ ያሰኘሽን አውሪ አልኳት። እሺ ብላ መጣች፤ በሩ ላይ ስትደርስ ግን እግሯ ተተከለ። እዚህ ውስጥ ስገባ ያየኝ ሰው ምን ይለኛል አለች። ይህ አሁን ገባሽ ወይ አልኳት። ፈየራ በርጩማው ላይ ሆኖ ይሰማል።

«ኮቱ፣ ነይ፣ ሰኪና፣ ግቢ» አላት። «እኔ ይሄን ሁሉ ዘመን በሩን ስጠብቅ ኖሬ ፓስተሩ እስከ ዛሬ ገና አልዳንክም ይለኛል። አንቺን በአንድ ከሰዓት ይለውጥሻል?»

ጃለኔ እየሳቀች ብዕሩን አቁማለች። ጻፊ እንጂ።

ሰኪና ገባች፤ እኔም እንደ መጀመሪያው ቀን ተፈቅዶልኝ ጥግ ላይ ተቀመጥኩ። ራሷም ወፍራም ሴት ናት፤ ከበርበሬ ጆንያዎቿ መሃል ለመነሳት ሰው ትጠራለች። ሂዳያ ሂጃቧን አስተካክላ ሣጥኑን አሰረችላት፣ እጀታዎቹን አስጨበጠቻት። ሰኪና እጀታዎቹን ወደ ደረቷ ሰበሰበች። ቀጥላ ያ ረቢ መጣብኝ ብላ ስትሰነዝር የጃለኔን ትከሻ አገኘችው። ልጃገረዶቹ ግድግዳ ተደግፈው ሳቁ። ሂዳያ ግን ከኋላዋ ቆማ ታዛት ጀመር። «በግራሽ፣ እማማ ሰኪና፣ በግራሽ ነው። አሁን ቁጢጥ በይ። ተነሺ፣ አትፍሪ፣ እኔ አለሁ።»

ከዓረፋ ወዲህ ያንን ድምፅ ሰምቼው አላውቅም። ሣጥኑ ሰኪና ዓይን ላይ ነው። ሂዳያ ዓይኗ ተገልጦ፣ በሰው መካከል፣ ሰው ሁሉ እያያት፣ ትጮኻለች።

ሰኪና በመጨረሻ ወለሉ ላይ ዘፍ አለች። ሣጥኑን አውልቃ ላቧን በነጠላዋ ጠርጋ እኔን አየችኝ።

«አባ፣ እዚህ ውስጥ ሰይጣንም የለም፣ መልአክም የለም» አለች። «ኳስ ብቻ ነው ያለው። እሱም አያልቅም።»

በማግስቱ ቅመም የገዛ ሁሉ ይህንንም አብሮ ይዞ ገባ። ሐጂ ቡርሃንም እኔ ከመናገሬ በፊት ከሚስቱ ሰምቶ ኖሮ፣ ሰላምታውን አስረዝሞ ሌላውን ተወው። ሰኪና ደግሞ መዝግቡኝ እያለች ነው። ጃለኔ ለተማሪ ብቻ ነው ብትላት፣ እንግዲያው ዘጠነኛ ክፍል አስገቡኝ አለቻት።

ልጅቷ ከሳች ወይ ትል ይሆናል። አልከሳችም። ክብደቷ ብዙ አልተነቃነቀም ትላለች ጃለኔም፤ የምትመረምራቸው ነርስ ግን ልቧን አዳምጣ ደስ ብሏታል አሉ። እኔ ልብ ማዳመጥ አላውቅም፤ የማውቀው ዳገቱን ነው። ከድልድዩ እስከ ሱቄ ሳትቆም ትወጣለች፣ አንዳንዴም ከጓደኞቿ ጋር እያወራች። ከትምህርት አትቀርም። ባለፈው ከእኔ ጋር ከትሪው በላች። ጥቂት ነው የበላችው፤ ግን ፊቴ ተቀምጣ በላች። እኔም ጨምሪ፣ ብዪ፣ በሞቴ ማለቱን ውጬ ዋልኩ። ቀላል እንዳይመስልህ።

ዕቃው ግንቦት ላይ ወደ ዩኒቨርሲቲው ይመለሳል። ከዚያ በኋላስ አልኳት። እስከዚያ እለምዳለሁ አለችኝ። ምኑን እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

አሁን የቀረኝ አንድ ነገር ነው።

ሰኪና የገባች ዕለት ስንመለስ፣ ሂዳያ የዓረፋውን ነገር ነገረችኝ። አገር ቤት፣ ዘመድ ሁሉ ተሰብስቦ፣ በሬው ታርዶ፣ እሷ ለእንግዳ ትሪ ይዛ ስትገባ አንድ ሰው አያትና፣ ይህቺ እያለችልን ምነው በሬ ገዛን አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ውጭ ከሽማግሌዎቹ ጋር ነበርኩ፤ ሳቁን ሰምቻለሁ፣ ቃሉን አልሰማሁም። ትሪውን አስቀምጣ ወጣች። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰው ፊት መብላት፣ ሰው ፊት መሮጥ፣ ሰው ፊት መቆም አስጠላት። ስትነግረኝ አላለቀሰችም። የሰውየውንም ስም ነገረችኝ።

እኔ ግን ስሙን አላስጽፍም። ሲወለድ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ክፋት የለበትም፤ ሰው ማሳቅ ይወዳል። እሷንም ይወዳታል፤ ስለ እሷ ሲሰጋ ከሩቅ ሆኖ ይጮኻል። ያለውን ረስቶት ይሆናል፤ እሷ አልረሳችውም። አምቦ መጥቶ ሊወስድ የሚፈልግ ካለ፣ መጀመሪያ ያንን ቃል ከእሷ ላይ ይውሰድ።

ስለዚህ ና። ረመዳን ሳይገባ ና፣ ዙልፋንም ይዘሃት ና። ማክሰኞ ከደረስክ ሂዳያ አዳራሽ ናት፤ ወደዚያ እንዳትሄድ፣ ፈየራ እንዳያስገባህ ነግሬዋለሁ። ከእኔ ጋር ሱቁ በር ላይ ትቀመጣለህ። ዳገቱን ስትወጣ ከሩቅ ታያታለህ። ስትደርስ ከሳሽም እንዳትላት፣ ወፈርሽም እንዳትላት። ትምህርት እንዴት ነው በላት። ከዚያ ቀጥሎ የምትለውን ራስህ ታውቀዋለህ።

ጃለኔ ብዕሯን አንስታ፣ የሰውየውን ስም ብናሰፍረው ነገሩ አይሻልም ወይ ትለኛለች። ተይው አልኳት። ደብዳቤው ይደርሰዋል።

አላህ ልጆችህን ያሳድግልህ። ከቤትህ ትኩሳቱን ያንሳ፣ መንገዱን ያቅናልህ፣ አንደበትህን ያለስልስልህ። እኔንም መምጣትህን ሳላይ አይውሰደኝ።

ሱቁ በር ላይ የሚጠብቅህ
አባትህ

በይ አሁን ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ፣ ጃለኔ። ይህንንም ጻፊው፣ ግድ የለም። ሂዳያ ጓዳ ናት፤ ድምፅሽን ከፍ አድርጊው፣ እሷም ትስማው። በሬው ላይ ስትደርሺ ግን ዝቅ አድርጊው።